እትዬ ራቢያን ያባረራችሁ ሰዎች፣ ፎቶዋን ከገጻችሁ አውርዱ

አላምንም። እስቲ ውሸት ነው በሉኝ። ጠዋት አብራኝ ያደገችው ሀያት ደውላ ስታለቅስ «አትቀልጂ!» ብዬ ጮህኩባት። እትዬ ራቢያ ሞታለች።

አሁን ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ መኪና ውስጥ ነኝ። ጀናዛዋ ከቤት ሳይወጣ እደርስ እንደሆን አላውቅም።

ለማታውቋት፦ እኔ ያደግኩበት የሕፃናት ማሳደጊያ ሞግዚት ነበረች። የመስቃን ሴት፣ ድምጿ ጎርናና፣ ሳቋ ከግቢ ውጭ የሚሰማ።

እዚያ ልጅ ሲረብሽ ክፍል ይቆለፍበታል። ሕጉ ይኸው ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ መስኮት ሰብሬ፣ ሰው ነክሼ፣ ቁልፍ ይዘው ሲመጡ እሷ ቀድማ ገባች። አንድ ሰፌድ ዛላ በርበሬ መሃላችን አስቀመጠችና መቀንጠስ ጀመረች። ምን ሆንሽ የለ፣ ለምን የለ። «እኔ አልቸኩልም፤ ሲመጣልሽ ታወሪያለሽ።»

እኔም ሳላስበው አብሬያት መቀንጠስ ጀመርኩ፤ ሰፌዱ ሳያልቅ እናቴ መናኸሪያ ጥላኝ የሄደችበትን ቀን ነገርኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

የሚጮኸው፣ አጥር የሚዘለው፣ ፍራሽ ላይ የሚሸናው፣ ሁሉም እሷ ጋ ተቀምጦ ነው የተረጋጋው።

ከዚያ ኮሚቴ መጣ። «ልጆችን የጉልበት ሥራ ታሠራለች፣ ሥልጠናም የላትም» ተባለ። የጉልበት ሥራ! ሲቆለፍብን የት ነበራችሁ? በእሷ ቦታ ፎርም የያዘ ሰውዬ መጣ፤ «ከአንድ እስከ አሥር ስንት ያህል ተናደድሽ?» ይለኛል፣ ሰዓቱን እያየ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ መምህራችን «የተጎዳን ልጅ ፊት ለፊት አትፋጠጡት፤ ከጎኑ ተቀመጡ፣ እጁ የሚሠራው ነገር ስጡት» ብሎ ስላይድ ሲያሳየን ተነስቼ ወጣሁ። እሷን ያባረራችሁበትን ነገር እኮ ነው በኮርስ የሚያስተምሩኝ!

ዛሬ ደግሞ ፎቶዋን ለጥፋችሁ «የልጆቻችን እናት» ትላላችሁ። ትንሽ አታፍሩም?

ግን እውነቱን ልናገር፤ በራሴም ነድጃለሁ። ያኔ ኮሚቴው ጠርቶ «በርበሬ ታሠራሻለች ወይ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ። እነሱም ለምን እንደሆነ አልጠየቁ፣ እኔም አልጨመርኩ። እትዬ ሀያትን ከእኔ አብልጣ የምትወድ መስሎኝ አኩርፌያት ነበር። በማግስቱ ተባርራ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች።

እትዬ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ቤትሽ መጣሁ፣ ስንት ጊዜ አጎረስሽኝ። «አዎ» ያልኩት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። በሚቀጥለው እነግራታለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ይኸው፣ ለማያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ተናዘዝኩ፤ ያልሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

አላህ ይዘንልሽ፣ እትዬዬ። ይቅር በይኝ።