ፓፓያ ወደ መስኮት

ትርፌ በልደታ አውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ ካለው ሱቋ ሆና ፓፓያ የሚሸጡትን ሴትዮ ባየች ቁጥር ትገረማለች። ስማቸውን የሚያውቅ የለም። ሌሎቹ ፍራፍሬ ሻጮች ጆንያቸውን አንጥፈው አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃሉ፤ እሳቸው ግን ለእግረኛ ፊት አይሰጡም። አውቶቡስ ሲመጣ መቀነታቸውን ጠበቅ ያደርጉና አንዲት ፓፓያ ከራሳቸው በላይ አንስተው በመስኮቶቹ ሥር ይሯሯጣሉ። ዓይናቸው ገዢ ሳይሆን ሌላ ሰው የሚፈልግ ይመስላል።

አንድ ቀን ትርፌን አላስችል አላት። «እማማ፣ አረፍ ብለው ቢሸጡ ምናለ? እዚህ እኮ ሰው በእግሩ መጥቶ ይገዛል።»

«የባቡር አገር ሰው ነኝ፣ ልጄ» አሉ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ድሮ ባቡሩ መንደራችን ሲቆም እንግዳው ወርዶ ፍል ውሃችንን ይታጠባል፤ ያልወረደውን በመስኮት እናበላለን። ጦርነቱ ሲመጣ መቆሙን ተወና ወታደር ጭኖ እልም ይል ጀመር። ልጄን ከገበያ አፍሰው የጫኑት ዕለትም አልቆመም። እጁን በመስኮት ዘርግቶልኝ ነበር፤ ሮጥኩ፣ አልደረስኩበትም።»

ትርፌ «ይመለሳል» ልትል አፏን ከፈተች። የእሷም ወንድም ከዘመተ ወዲህ ወሬው አልተሰማም።

አውቶቡስ መጣ። አንድ ተሳፋሪ እጁን በመስኮት አውጥቶ «ስንት ነው፣ እናት?» አላቸው። ፓፓያዋ ከሴትዮዋ እጅ ወድቃ አስፋልቱ ላይ ፈረጠች፤ እሳቸው የሰውየውን ጣቶች በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይዘዋል። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

«ይልቀቁት፣ እማማ!» ብላ ጮኸች ትርፌ።

ሴትዮዋ ግን አብረው ይሮጡ ነበር።