አባቴ የባትሪውን ገመድ የነቀለ ዕለት

ልጅ እያለሁ፣ የገና ዋዜማ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጋሸና መገንጠያው አጠገብ የአባቴ አሮጌ መኪና ባትሪ ፈነዳ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር።

ምልክቱ ቀድሞ ነበር። አንድ ወር ያህል የፊት መብራቱ ከመጠን በላይ ይደምቅ ነበር። ተሳፋሪዎች “ሞገስ፣ ፀሐይ ነው እንዴ የጫንከው?” እያሉ ሲቀልዱበት አባቴ ይኮራል። አምፑሎቹ በየሳምንቱ መቃጠል ሲጀምሩ እናቴ “የሰው ዓይን ነው” ብላ ኮፈኑ ላይ ጠበል ረጨች። ባትሪው ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጨርሳል፤ ጋቢናው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

ያን ዕለት ሽታው ስለባሰ፣ አባቴ ለበዓሉ ወደ ላሊበላ የሚሄዱ ሰዎች እንደጫነ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩት ጋሽ ይማም ዘንድ ቆመ። እሳቸው ሞተሩ እየሠራ ቴስተራቸውን ባትሪው ላይ አሳርፈው አነበቡ። ከአሥራ ስድስት ቮልት በላይ። ከአሥራ አራት ተኩል እምብዛም ማለፍ አልነበረበትም።

“ዲናሞው ቻርጅ እያበዛ ባትሪውን እያፈላው ነው። አጥፋውና ፈትቼ ልየው።”

“ስንት ሰዓት ይፈጃል?”

“ከሰዓት በኋላ ትሄዳለህ።”

ከኋላ አንዲት እናት “ኧረ የኔ ልጅ፣ ልደትን እዚሁ ልታስውለን ነው?” አሉ። ተሳፋሪው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

“የኔ ዲናሞ ምንም የለበትም፤ ላሳይህ” አለ። በዚያ ዘመን የሾፌሮች መፈተኛ አንድ ነበር፤ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ጤነኛ ነው ይባላል።

“ሞገሴ፣ እንዳትነካው! የፈላ ባትሪ ጋዝ አለው፤ ወላሂ ትቃጠላለህ!”

ነቀለው። መጀመሪያ ብልጭታው፣ ከዚያ ድምፁ።

አባቴ ፊቱን ይዞ ተንበረከከ። ሞተሩ አልጠፋም። ጋሽ ይማም ጭንቅላቱን ደግፈው በጀሪካን ውሃ ዓይኖቹን ደጋግመው ሲያጥቡለት፣ እሱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “ልጅቱን ነካት?”

አልነካኝም። በኋላ ዲናሞው ሲፈታ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ክፍል ተቃጥሎ ተገኘ። የቀኝ ዓይኑ ተረፈ። ግራው እስከ ዛሬ ብርሃን አይለይም፤ መኪናም ከዚያ ወዲህ አልነዳም።

ያኔ ጋቢና ውስጥ የምቀመጠው በቀኙ ነበር። አሁን ወደ ቤታችን ላሊበላ ስመለስ፣ አብረን ለቅዳሴ ስንወርድ፣ በግራው በኩል እሄዳለሁ።