አያ ሞላ ያልቆረጡት ሽቦ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳትም። በየጾሙ የንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ስናዘዝ የሰደብኩትን፣ የዋሸሁትን፣ ጾም የገደፍኩበትን ቀን ሁሉ እቆጥራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። አለ።

እኔ የኔትወርክ ገመድ ዘርጊ ነኝ። ደሴ ተምሬ እንደወጣሁ፣ ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ላሊበላ አዲስ የተሠራ አንድ ሆቴል ኢንተርኔት እንዳስገባለት ጠራኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በከተማው ይህን ሥራ የሚያውቅ ከእኔ በቀር ሁለት ሰው ቢኖር ነው፤ ያንንም አሳምሬ አውቀው ነበር። ትዕቢቴ ከዚያ ይጀምራል።

የስልኩ መስመር የሚገባው በሩ አጠገብ ባለው ቢሮ ነው፤ እንግዳ መቀበያውና መኝታ ክፍሎቹ ከግቢው ማዶ ናቸው። ገመዱ የአትክልት ቦታውን አቋርጦ መሄድ ነበረበት። ሊደርስ ሦስት ክንድ ሲቀረው አለቀብኝ። ወልድያ ወርጄ ሙሉ ጥቅል ማምጣት፣ በፕላስቲክ ቱቦ ማስገባት፣ አጥልቆ መቅበር ነበረብኝ። አውቅ ነበር። ግን ሰነፍኩ። ቁራጭ ቀጠልኩበት፣ መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቀለልኩት፣ ያለ ቱቦ አፈር መለስኩበት። ሠራ። ሁሉም አመሰገነኝ።

የሆቴሉ ዘበኛ አያ ሞላ የሚባሉ የገነተ ማርያም ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ሞታባቸዋለች፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ እናኑ ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር። ድምጿን ከሰሙ ዓመት አልፏቸዋል። መስመሩ የሠራ ዕለት እንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ የኢንተርኔት መደወያውን ከፍቼ አገናኘኋቸው። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሳደርግላቸው «አባዬ!» ስትል ጊዜ ብድግ ብለው ቆሙ። ባሕር ማዶ ስላለች ካልጮኹ የምትሰማቸው አይመስላቸውም።

«እህል በልተሻል? እህል በልተሻል ወይ?»

ግቢው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ እናኑ በአሠሪዎቿ ኮምፒውተር ትደውላለች። ይህን የማወራው እንድትመርቁኝ አይደለም። ምን እንደቀማኋቸው አውቄ እንደቀማኋቸው እንድታውቁብኝ ነው።

ክረምቱ አለፈ። ለመስቀል ሆቴሉ እንግዳ ሞልቶት ሳለ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ተጠራሁ። ሥራ አስኪያጁ እላዬ ላይ ቆሞ ይቆጣል፤ እኔ እቆፍራለሁ። የት እንደምቆፍር ማን ይነግረኛል? እጄ ራሱ ወሰደኝ። ናስትሮው ውኃ ገብቶት ተልጧል፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ በስብሷል። እዚያው አጠገብ አያ ሞላ በክረምቱ የተከሉት ጎመን አለ፤ መኮትኮቻቸውም ግድግዳውን ተደግፏል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ምን እሆን ነበር? አፍሬ፣ እንደገና ሠርቼ እሄዳለሁ። ይኸው ነው። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ በጀርባዬ ከለልኩና የበሰበሰውን መጋጠሚያ በፒንሳ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት። የቀሩትን ሁለት ጫፎች አንስቼ አሳየሁት።

«ተቆርጧል» አልኩ። ከዚያ ወደ ጎመኑ ዞርኩ። ሌላ መናገር አላስፈለገኝም።

አያ ሞላ ተጠርተው መጡ። ጉድጓዱን አዩ፣ መኮትኮቻቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት?»

ሥራ አስኪያጁን አልጠየቁትም፤ እኔን ነው የጠየቁኝ። ሙያው የእኔ ነውና አመኑኝ።

«ይመስለኛል፣ አባቴ» አልኩ።

አልተከራከሩም። ያን ዕለት ከሥራ ተባረሩ፤ በማግስቱ ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ አገራቸው ገቡ።

እሑድ አዲሱን ገመድ ስሞክር ኮምፒውተሩ ጠራ። ማዳመጫውን አደረግሁ።

«አባዬ?»

«አይደለሁም። አያ ሞላ አገራቸው ገብተዋል።»

«ምነው፣ ታመሙ?»

«ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ምን ሆነው? ወንድሜ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ቶሎ አስጠራልኝ። ይህን ቤት ልለቅ ነው። አገሬ ልግባ ወይስ ሌላ ቤት ልቀጠር ብዬ ላማክራቸው ነው። ከለቀቅሁ እንዲህ የምደውልበት የለኝም።»

ገነተ ማርያም በእግር ቢኬድ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሰው መላክ እችል ነበር፤ ራሴም መሄድ እችል ነበር። ነገር ግን እሳቸው ከመጡ ነገሩ እንደገና ይነሳል፤ እንደገና ይጠይቁኛል፤ እንደገና ዓይናቸውን አያለሁ። «አይሰማም፣ መስመሩ ይቆራረጣል» አልኳትና ዘጋሁባት። መስመሩ አይቆራረጥም ነበር። ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።

ዳግመኛ አልደወለችም።

ከዓመት በኋላ የቅዳሜ ገበያ ላይ አያ ሞላን አየኋቸው። ልሸሽ ስል ጠሩኝ። ከስተዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ፤ ለእኔ።

«ልጄ፣ ባገኝህ ብዬ ስመኝ ነበር። ሽቦህን ቆርጬ ልፋትህን ገደል ከተትኩብህ። ዓይኔ ደክሞ ነው እንጂ አውቄ አይደለም። ይቅር በለኝ።»

እኔ ምን አልኩ? አፈር ልሁን አልኩ? እግራቸው ላይ ወደቅሁ?

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ» አልኩ። እኔ፣ የቆረጥኩት፣ ኪሴ የከተትኩት፣ እሳቸውን ይቅር አልኳቸው። ፊታቸው በራ። እጄን ይዘው መረቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እናኑስ በዚያ በምታናግረኝ ዕቃ ደውላ ይሆን? ድምጿ ጠፋብኝ» አሉ።

«እኔ እንጃ፣ አልሰማሁም» አልኩ።

መሞታቸውን የሰማሁት ፍላቂት ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ገመድ ስዘረጋ ነው። የገነተ ማርያም ሰው ነው የነገረኝ። እናኑ አገሯ የገባችው አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው አለኝ። «ደህና ናቸው» ስላልኳት ያን ሁሉ ጊዜ አባቷ ተቀይመው ድምፃቸውን የነሷት መስሏት ኖራለች። እንደገባች በተቀመጠችው ለቅሶ ላይም «ምን አጠፋሁ አባዬ?» እያለች ነበር የምታለቅሰው።

ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር እያልኩ ስንት ዓመት ለራሴ ጥብቅና ቆሜያለሁ። ሰው በልጅነቱ ይሳሳታል፤ የበሰበሰ ሽቦ ቆርጦ ኪሱ የሚከት ግን የሚያደርገውን ያውቃል። አውቅ ነበር። ገበያ ላይም አውቅ ነበር።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የይቅርታው ባለቤት እናንተ አይደላችሁም። እናኑ ዛሬ እዚያው ገነተ ማርያም ትኖራለች፤ የስልክ ቁጥሯንም አግኝቻለሁ። አባቷ እንዳልተቀየሟት በምድር ላይ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። እስካሁን አልነገርኳትም።