ሚስስ ሊም ሱቅ የደረስነው ለቅሶ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም በኋላ ለቅሶ ሲነገር፣ እንደ ልማዴ አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ «የሞተው ማን ነው?» አልኳት። ነገረችኝ። «እርግጠኛ ነሽ?» ስላት፣ «እትዬ፣ አሁን ነገርኩዎት እኮ። የሞት ሰርተፍኬት ላምጣልዎት?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን ጋለ። የምጠይቅበትን ምክንያት አታውቅም።

ነገሩ የደረሰ ጊዜ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ካልጋሪ በነዳጅ ገንዘብ ሰክራ፣ ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ ነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ይነጉድ ነበር። ሞል የምንለው የገበያ ማዕከል ሱቆች በየመስታወታቸው ሠራተኛ እንፈልጋለን ብለው ለጥፈዋል። እኔን የቀጠሩኝ ሚስስ ሊም የሚባሉ፣ ከሲንጋፖር መጥተው ጫማና ቦርሳ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ባላቸው ካምፕ ስለሚሠሩ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

አንድ የየካቲት ጠዋት፣ ሞቃቱ የቺኑክ ነፋስ በረዶውን አቅልጦ ፓርኪንጉን ጭቃ ባደረገበት ቀን፣ ሚስስ ሊምን ጥቁር ለብሰው፣ ዓይናቸው አብጦ አገኘኋቸው። ሒሳብ መክፈያው ጠረጴዛ ላይ መነጽር ያደረጉ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ ነጭ አበባ።

«አረፉ?» አልኳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

«አዎ። ያለን ሁሉ ከእሳቸው ነው።»

በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛን መመርመር ነውር ነው። ባላቸው ናቸው ብዬ ደመደምኩ። የገረመኝ ሱቁ መከፈቱና አንድም ሰው አለመምጣቱ ነበር። በሰው አገር ባል ሞቶባቸው ብቻቸውን ጫማ ሲሸጡ ማየት ከበደኝ። በምሳ ሰዓት የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ ለነበሩት፣ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ለሚያሽጉት ለእትዬ ወርቅነሽ ደወልኩ።

«ለቅሶ ደራሽ የላትም ነው የምትዪኝ?»

«ማንም የላቸውም።»

«በይ፣ ቅዳሜ ሺፍት የለኝም። ሴቶቹን ይዤ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ሞሉ ጢም ብሎ ነበር። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ምስር ወጥና ንፍሮ ተሸክመው በኤስካሌተሩ ወጡ። ሰው ጫማ እየለካ ለቅሶ አይደረስም ብዬ፣ ሚስስ ሊም ጓዳ ሳሉ የሱቁን መዝጊያ እስከ ግማሽ አወረድኩት። በሥራ ሰዓት በመዝጋት ከሞሉ አስተዳደር አንድ ማስጠንቀቂያ እንደደረሳቸው፣ ከተደገመ ሱቁን እንደሚለቁ አውቅ ነበር። ግን ለሐዘን የማይዘጋ ሱቅ እንዴት ይኖራል?

ሚስስ ሊም ብቅ ሲሉ እትዬ ወርቅነሽ አቀፏቸው። «እኔን፣ እህቴን! ጌታ ያጽናሽ» ብለው አለቀሱ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሚስስ ሊም ግራ ቢገባቸውም አብረው አለቀሱ። የሞሉ ጥበቃ በመዝጊያው ሥር ጎንበስ ብሎ ገባ። ከኋላው ሻንጣ የያዙ ሰው ገብተው፣ «ሚስቴ ምን ሆናለች?» አሉ።

እትዬ ወርቅነሽ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ደግሞ ማን ነው?»

«ባላቸው መሰሉኝ።»

«የሞተውስ?»

ወደ ሚስስ ሊም ዞሬ ጠየቅኋቸው። ያሉኝን ለሴቶቹ እየተንተባተብኩ አስተረጎምኩ። በፎቶው ያሉት አገራቸውን ሲንጋፖርን ካቆሙት መሪዎች አንዱ ነበሩ። «አባቴ መንገድ ዳር ሾርባ ይቸረችር ነበር፤ ፖሊስ ሲመጣ ድስቱን ተሸክሞ ይሮጣል። ቧንቧና ጣሪያ ያለው መሸጫ የሰጡት እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ንግድ የተማርኩት እዚያ ነው።»

«መሪ?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ፣ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው። «ማን አስገድዷት ነው የምታለቅሰው?»

«ማንም።»

«ለመሪ? ወዳ? እኔ ለመሪ ወጥቼ የማውቀው ቀበሌ ስም እየጠራ ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባልየው ግን ለጥበቃው፣ «ቤተሰብ ናቸው፤ ሐዘን ላይ ነን» አሉትና መዝጊያውን በገዛ እጃቸው አነሡት። ማስጠንቀቂያው ሳይጻፍ ቀረ።

ሚስስ ሊም አልተቆጡኝም። ንፍሮውን እየበሉ፣ «እንዲህ ማልቀስ ታውቁበታላችሁ» አሉን። «የእናንተስ ማን ነው? እንዲህ ያለቀሳችሁለት መሪ?» በቅንነት ነበር የጠየቁኝ። ለሴቶቹ አስተርጉሜ አየኋቸው፤ ሁሉም ወለሉን ያያሉ። የሚስተካከል ነገር ያለ ይመስል ሄጄ የጫማ ካርቶን መደርደር ጀመርኩ።

የስሕተቴ ኀፍረት አልፏል፤ ሴቶቹም እስከ ዛሬ ያነሡትና ይሥቁብኛል። ያላለፈኝ ያ ጥያቄ ነው። ስለ መሪዎች እንድንጸልይ ቃሉ ያዝዛልና፣ እንጸልይ ሲባል ቀድሜ እነሣለሁ። የአገሬ መሪዎች ስም ጋ ስደርስ ግን ድምፄ ዝቅ ይላል፤ አጠገቤ ያለው ሰው ይውደዳቸው ይጥላቸው አላውቅምና፣ እንዳይሰማኝ።