የጀላልዲን የበረንዳ ሶላር

ጀላልዲን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጎረቤቴ ነበር። ኮምቦልቻ ሳለ የመብራት መስመር ሠራተኛ፤ እዚህ ግን አርሊንግተን ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ያቆማል። በፈረንጅ 2011 በረንዳው ላይ አንድ ሶላር አሰረና ገመዱን የሳሎኑ ሶኬት ላይ ሰካው። ፀሐይ የሰጠችው ኤሌክትሪክ በዚያው ወደ ቤቱ መስመር ይገባል። ሚስቱ ሐኪማ «ይኼ ሰው ሁለተኛ አገባ» እያለች ትስቅበት ነበር።

ክልክል መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። መብራት ካምፓኒው ጋ ደውዬ ስጠይቅለት፣ ትንሽም ቢሆን ማመልከቻ ሳይሞላና ሳይፈቀድ መሰካት አይቻልም ብለውኛል። የአፓርታማው አስተዳደር ቢሰማ ከቤት ያስወጣዋል። መብራት ሲጠፋ በራሱ ሥራ ያቆማል ተብሎ የተሸጠለት ሶላርም የደህንነት ማረጋገጫ ምልክት የለውም። ታዲያ ለምን ሰካኸው ስለው «እጄ ሙያውን እንዳይረሳ» ይለኛል። እልኸኛ!

ግን ይፈራው ነበር። ምግቡን አቋርጦ እየተነሳ ሶኬቱን ይዳስሳል። አንድ ቀን ምክንያቱን ነገረኝ። ኮምቦልቻ ላይ መብራት ጠፍቶ፣ ወንድይራድ የሚባል ባልደረባው ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሲጠግን፣ አንድ ሠርግ ቤት ያሉ ሰዎች ጄነሬተር አስነስተው ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል ወደ ምሰሶው ተመልሶ ወንድይራድን ገደለው።

«አሁንም ምሰሶ ባየሁ ቁጥር እላዩ ላይ አለ» አለኝ።

በ2012 ሰኔ አንድ ምሽት ትልቅ አውሎ ነፋስ ዛፉን ሁሉ ገንድሶ የሰፈሩን መብራት አጠፋው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጀላልዲን ከሌሊት ሥራው ሲመለስ፣ ደጃችን ያለው ምሰሶ ላይ አንድ ሠራተኛ ወጥቶ አየ። እየሮጠ ገብቶ ሶላሩን ነቀለ። ከዚያ በሬን ደበደበ።

«ንዋይ፣ ና አስተርጉምልኝ። ለሰውዬው ልንገረው።»

«ነቅለኸው የለ? አርፈህ ተቀመጥ! የቤትህን ሊዝ ካንስል ያደርጉብሃል።»

«ያድርጉ። ና!»

ወረድን። ሠራተኛው ከምሰሶው ወርዶ አዳመጠን፤ ሶላሩ የት እንደተሰካ፣ መቼ እንደተነቀለ አስተረጎምኩለት። አልተቆጣም።

«እኛም መስመሩን ከመንካታችን በፊት እንፈትሻለን» አለ። «ቢሆንም አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው አይነግረንም።»

ይህንን በአማርኛ ስነግረው ጀላልዲን ባዶውን ምሰሶ አሻቅቦ አየ።

«ኮምቦልቻ ላይ እኔም አልነገርኩም» አለ። «ሠርጉ የወንድሜ ነበር። ጄነሬተሩን የሰካሁት እኔ ነኝ።»

ሠራተኛው ምን አለ በሚል ዓይን ያየኛል።

«ይኼንንም ንገርልኝ» አለ ጀላልዲን።