የወተት ጣሳው አመድ

ሥርጉት ባሏ ከሞተ ወዲህ የድንች ልጣጩንም፣ የዘይት ጀሪካኑንም፣ የሻማ ቁራጩንም በአንድ ጆንያ ነው የምትከተው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ዘመንፈስቅዱስ በሕይወት ሳለ ከወጥ ቤቱ በር ሥር ሁለት ባልዲዎች ነበሩ፤ ቀዩ ለሚበሰብሰው፣ ሰማያዊው ለማይበሰብሰው። ከቀዩ ባልዲ ውስጥ የላስቲክ ቁራጭ ካገኘ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሳሎን ድረስ ይዟት ይገባና «ይቺ እንግዳ የማን ናት?» ይል ነበር። አሁን ባልዲዎቹ አንዱ ባንዱ ውስጥ ገብተው ጥግ ተቀምጠዋል። ሥርጉት በየቀኑ ታያቸዋለች። ምንም አይሰማትም።

የሚገርመውም ይኸው ነው። በለቅሶው ሰሞን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ በር ላይ የተደረደረውን ጫማ ትመለከት ነበር፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ። ስትጎርስ ወጡ ጨው ይኑረው አይኑረው አታውቅም። ሌሊት ትተኛለች፣ ጠዋት ትነሳለች፤ ኮተቤ ላይ ፀሐይ ትወጣለች፣ ከጓሮው ቀና ሲሉ እንጦጦ ከነደመናው እዚያው አለ።

በጓሮዋ ቀኝ በኩል ዲንቄ ትኖራለች፤ በእድሜ የሥርጉት እኩያ ናት፤ ካራ ላይ ያርሱ የነበሩ ሰዎች ልጅ። በግራ በኩል ዙሌካ አለች፤ ከደሴ ከመጣች አምስት ዓመት የሆናት ወጣት የባንክ ሠራተኛ። ሦስቱን ጓሮዎች ሽቦ ይለያቸዋል፤ ወሬያቸውን ግን የሚለየው የለም።

በሰኔ አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዲንቄ ክርኗን ሽቦው ላይ አስደገፈች።

«ሥርጉት! ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ባንቺ ምክንያት ጋሪ ሊጨምሩ ነው አሉ። ብቻሽን እየኖርሽ ሁለት ጆንያ! ምንድን ነው የምትበዪው?»

«እንጃ» አለች ሥርጉት።

«እኔ ቤት ስድስት ነፍስ አለ፤ ግማሽ ጆንያ አይሞላም። ልጣጩን ዶሮዎቹ ይበሉታል፣ ዶሮዎቹ የተዉትን ጉድጓዱ።»

«ዶሮዎችዎ ደግሞ የኔን ቆስጣ ይበሉታል፣ እትዬ ዲንቄ» አለች ዙሌካ ከወዲያኛው አጥር። «ትናንት አንድ መደብ ሙሉ ነው የጨረሱልኝ።»

«ምን ከፋሽ? ስናርዳቸው ሥጋው ከነአትክልቱ ይቀርብልሻላ!»

ዙሌካ ሳቀችና ወደ ሥርጉት ዞረች። «እትዬ ሥርጉት፣ የኮምፖስት ጉድጓዴ ሸተተብኝ። ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ነው የሠራሁት። ትንሽ ብቻ የተረፈ ሩዝ ጨመርኩበት።»

«ከነዘይቱ?» ዲንቄ ጠየቀች።

«ከነዘይቱ።»

«ጉድጓዱን ምሳ ጋበዝሽው በይኛ!»

«ደረቅ ቅጠል አልብሺው» አለች ሥርጉት። «የባሕር ዛፍ ግን እንዳይሆን።» ድምፁ የሷ ነበር፤ ቃሉ የዘመንፈስቅዱስ።

ዲንቄ ቀና ብላ ደመናውን አየች። «እኔ የምልሽ፣ ዝናቡ እኮ ገባ፣ ጾሙም ገባ። ዘሩን መቼ ነው የምታወጪልን?»

ዘሩ የጎመን ዘር ነው። የዘመንፈስቅዱስ እናት ከእንጦጦ ሥር ስትዘራው የኖረችው፣ እሱም ወርሶ አርባ ዓመት ያቆየው። ቅጠሉ ጥሬውን ሲቀመስ ምላስ ይቆነጥጣል፤ ሲቀቀል ደግሞ ቅመም ሳይገባበት ጎረቤት ይጠራል። የሱቁ ዘር ከሱ ጋር ሲተያይ ውሃ ውሃ ይላል። እርጥበት እንዳይነካው በአሮጌ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ አመድ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው። ሰኔ በገባ ቁጥር ጣሳውን ያወርድና አመዱን በወንፊት ነፍቶ ለሦስቱ ጓሮ በማንኪያ ያካፍላል። በዚያች ጣሳ ካለው ሌላ ዘር አልነበረም።

ሥርጉት ባለፉት ሳምንታት ሦስት ጊዜ ተጠይቃ ሦስቴም «ነገ» ብላለች። ዘሩ የት እንደገባ ታውቃለችና።

የአርባው ዕለት፣ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ፣ ሴቶቹ የዕድሩን ድስቶች ጥላሸት ሊያስለቅቁ ጓሮ ተቀመጡ። «አመድ ስጡን እስቲ!» አለች አንዷ። የሥርጉት እጅ ወደ መደርደሪያው ሄደ፣ ጣሳውን አወረደ፣ ሰጠ። ረስታው አይደለም። ስንት ሰኔ አጠገቡ ቆማ ወንፊት ስትይዝለት የኖረች ሴት ናት። እጇ ሄደ እንጂ እሷ አልሄደችም። ማታ ባዶውን ጣሳ ስታይ ገባት፤ ያኔም ቢሆን አላለቀሰችም። አጥባ መልሳ ሰቀለችው።

አሁን ለአራተኛ ጊዜ «ነገ» ልትል አፏን ከፈተች።

«ዘሩ የለም» አለች በምትኩ። «የአርባው ዕለት ለድስት ማጠቢያ ሰጠሁት። አመዱን።»

ዙሌካ አፏን ያዘች። ዲንቄ ክርኗን ከሽቦው ላይ አነሳች።

«ያን የወተት ጣሳ?»

«አዎ።»

«እኔ ነኛ የፈገፈግኩበት!»

«"ጠጠር አለው፣ ጥሩ ያስለቅቃል" ብለው ለኔም ዘገኑልኝ እኮ» አለች ዙሌካ። ወዲያው ደግሞ፣ «ቆይ፣ እጣቢውን የት ነበር የደፋነው?»

የደፉት ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ዘመንፈስቅዱስ ለብስባሽ ከቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነበር፤ ከአርባው ልጣጭና ፍርፋሪ ጋር። ሥርጉት ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ዞር ብላ አታውቅም። ሁለቱ ዞረው ገቡና ሦስቱም ጉድጓዱ አፋፍ ቆሙ።

ማን ዘራው ይባላል? ዱባው ሐረጉን አፋፉ ላይ ጥሏል። ቲማቲሙ ተጠላልፎ ወጥቷል። በመካከላቸው ደግሞ ገና ሁለት ሦስት ቅጠል ያወጣ ችግኝ እንደ ሕፃን ጸጉር ችምችም ብሎ በቅሏል።

«ጎመን ነው!» አለች ዙሌካ።

«ጎመንስ ነው» አለች ዲንቄ፣ ቁጢጥ ብላ። «ግን የማን? እኔም አምና ያበበውን የሱቅ ጎመን ነቅዬ እዚሁ ጥያለሁ። በዚህ እድሜው መልኩ አንድ ነው። ዘመንፈስ በምን ነበር የሚለየው?»

«በጥርሱ» አለች ሥርጉት።

አንድ ችግኝ ነቀለች፣ ቅጠሉን በቀሚሷ ጠረገችና ነከሰችው። አላመጠች። ሁለቱ አፏን እያዩ ጠበቁ።

«እህ?»

«አይሰማኝም።»

«የሱቁ ነዋ!»

«አይደለም። ምንም ነገር አይሰማኝም፣ ዲንቄ። እሱ ከሞተ ጀምሮ።»

ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ዲንቄ የቀረውን ቅጠል ከሥርጉት ጣት ላይ ወስዳ አፏ ውስጥ ከተተችው። ጥቂት ቆይቶ ዓይኗ ውሃ አቀረረ።

«ይቆነጥጣል» አለች። «እሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሥራው እንዲህ ሆነ፦ ሥርጉት ትነቅላለች፣ ከቅጠሉ ቆርጣ ታካፍላለች፣ ሁለቱ ያላምጣሉ፣ እሷ ፊታቸውን ታያለች። ፊታቸው ከተኮማተረ ችግኙን እርጥብ ጨርቅ ላይ ታስተኛለች፤ ካልተኮማተረ ወደ ጎን ትጥላለች።

«ኧረ በአላህ፣ ምላሴ አለቀ» አለች ዙሌካ።

«ዝም ብለሽ ብዪ፤ ሩዝሽን ለጉድጓድ ስታበዪ አልነበር?» አለች ዲንቄ።

ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ጨርቁ ሞላ። ለሦስት ተካፈሉት። ዲንቄ ስትወጣ «አንቺ ዘንድ ያለውን ለዘር ተይው፣ አንድም ቅጠል አትቅጠፊ» ብላ አስጠነቀቀች፤ ዙሌካም ደረቅ ቅጠል ለመልቀም ሄደች።

ሥርጉት ድርሻዋን ተከለች። ሲያበቃ አንድ ቅጠል ነከሰች። ምንም። ወረቀት ያኘከች ያህል ነበር። ቢሆንም ዋጠችው።

መሬት ላይ የቀረውን የሱቅ ጎመን ችግኝ በእጇ ሰብስባ ወደ ጆንያው ሄደች፤ ጆንያው ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ወደ ጥጉ ዞረችና ባልዲዎቹን አላቀቀቻቸው። ችግኙን ቀዩ ውስጥ ጣለችው። ከመካከሉ ጭቃ የነካት ሰማያዊ የላስቲክ ቁራጭ ወጣች። በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ ሳሎኑ በር ተመለከተች፤ ትንሽ ቆየች።

ከዚያ ቁራጯን ሌላኛው ባልዲ ውስጥ ከተተቻት።