በሁለት ቋንቋ ያልተባለ

ወንድሜ ከመሞቱ በፊት የነበረው የመጨረሻው ተራ ቀን ማክሰኞ ነው። ገና ሐሙስ ይውል ነበር። ተራ ቀን የምለው አሁን ነው እንጂ ያን ዕለት ስልኩ ከጆሮዬ አልወረደም።

የምንሠራው ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ስድስት የጭነት መኪኖች አሉ። ከሱሉልታ የታሸገ ውኃ ጭነው ለቡራዩ፣ ለዓለም ገናና ለሰበታ ሱቆች ያከፋፍላሉ። መኪኖቹ የእኛ አይደሉም። ወንድሜ የስምሪት ኃላፊ ነበር፤ የትኛው መኪና ከየትኛው ሾፌር ጋር ወዴት እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ እሱ ዘንድ ገባሁ። ስልክ አነሳለሁ፤ ሰሌዳ እጽፋለሁ። «ፕሮፌሰር» ይለኝ ነበር።

ሰሌዳው ላይ ከእያንዳንዱ መኪና ቁጥር ጎን ሚስማር አለ፤ ቁልፉ እዚያ ይንጠለጠላል። መኪናው የሚወጣ ከሆነ ራይት፣ የማይወጣ ከሆነ ኤክስ። ለራይት ወንድሜ አንድ ሕግ ነበረው።

መካኒካችን ሁላችንም «ኦቦ» የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ጋራዣቸው ሰበታ ነው። አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ፤ ሲጣደፉ ግን ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። በኦሮምኛ «ሃ ታኡ» ማለት ይሁን ነው። «ሂን ታኡ» ደግሞ አይሆንም ነው። በስልክ፣ ጫጫታ ካለ፣ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። አንድ ጊዜ አንድ ሾፌር አንዱን በሌላው ሰምቶ፣ ጎማው ያለቀ መኪና ይዞ ወጥቶ ሰበታ መግቢያ ላይ ተገትሮ ዋለ። ስንስቅበት ከረምን። ወንድሜ ግን ስቆ ሲያበቃ፣ «ከእንግዲህ በሁለት ቋንቋ ካልተባለ አልተባለም» አለ። ኦቦ በኦሮምኛ የተናገሩትን በአማርኛ ይደግማሉ፤ በአማርኛ የተናገሩትን በኦሮምኛ። ከዚያ በኋላ ነው ራይት።

ማክሰኞ ጠዋት ኦቦ መጥተው ቁጥር አራትን አዩ። ከኋላ ጎማዋ ሥር አፈሩ ረጥቦ ነበር። በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ አልቋል አሉ። ሰበታ ውስጥ ቅያሪ ሊፈልጉ፣ እኔም ከሰዓት በኋላ ልደውል ተስማማን። ዘይቱን ሞሉላት።

ወንድሜ፣ «ኦቦ፣ እስከ በዓሉ ታድርሰን እንጂ» አላቸው።

«ማንን ታድርስ? አንተን ነው ውኃውን?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

የቁጥር አራት ሾፌር ያን ቀን ፈቃድ ጠየቀ። አገሩ ደቡብ ነው። «ዘንድሮም ለገና ካልሄድኩ እናቴ መልኬን ትረሳዋለች» አለ።

«ያን መልክ ብትረሳው ለእሷ እረፍት ነው» አለው ወንድሜ፤ ፈቀደለትም። በማግስቱ መኪናዋን ወንድሜ ራሱ ሊነዳት ነው። ድሮ ሾፌር ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ለኦቦ ደወልኩ። ከኋላቸው ብረት ይቆረጣል።

«አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋሉ ኦቦ። ጎሚኒው ተገኘ?»

አልተገኘም፤ ሱቁ ሁሉ ለበዓል ዘግቷል አሉ።

«ታዲያ አራት ነገ እንዲሁ ትውጣ?»

ብረቱ ጮኸ። ከጩኸቱ መሐል «ታኡ» የሚለውን ሰማሁ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ወዲያው የዓለም ገና ባለሱቅ ደወለ፤ ውኃዬ የት ደረሰ እያለ ይሳደባል። ሌላም ደወለ። መልሼ አልደወልኩም። እናታችን ኦሮምኛ ተናጋሪ ናት፤ ቋንቋውን ከልጅነቴ እሰማዋለሁ፤ ሽማግሌውን ይድገሙልኝ ማለት ያሳፍረኝ ነበር። «ሃ» ይሁን «ሂን» አልሰማሁም። የሰማሁት መጨረሻውን ነው። የፊተኛውን እኔ ሞላሁት። ራይት አደረግሁ።

ረቡዕ ንጋት ላይ ውርጭ ነበር። ወንድሜ እጁን እያሟሟቀ ሰሌዳው ፊት ቆመ።

«አራት ራይት ናት?»

«ናት።»

«በሁለት ቋንቋ?»

«አዎ» አልኩ።

ለምን አዎ እንዳልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። አንድ ቃል ናት፤ ሳላስበው ወጣች። ቁልፉን አነሳ። «ፕሮፌሰር፣ ከሰዓት በኋላ የትም እንዳትጠፋ፤ በጉን አብረን ነው የምንገዛው» ብሎኝ ወጣ።

መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ መሬቱን አየሁት። ሳህን የሚያህል እርጥብ ነበር። በጫማዬ አፈር ገፍቼ ሸፈንኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ከሱሉልታ ደወለ።

«ጫንኩ። እዚህ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።»

«ፍሬኗስ?» አልኩት።

«ስረግጣት ትንሽ ትሰምጣለች። ኦቦ ትውጣ ብለዋል አይደል?»

አሁንም ጊዜ ነበረኝ። መኪናዋ ቆማ ነው፤ እሱም መስመር ላይ ነው። ሌላው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ይጮሃል።

«አዎ» አልኩ።

ከሱሉልታ ሲመጡ ጋራው ከታለፈ በኋላ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ከፊቱ ሰው የጫነ ሚኒባስ ነበር አሉ፤ እሱን እንዳይመታ መሪውን ወደ ገደሉ ጠመዘዘ። ሌላ ሰው አልተጎዳም። ከሰዓት በኋላ፣ በጉን እንገዛለን ባልንበት ሰዓት፣ ሬሳው ቤት ገባ።

የቤታችን ግቢ በሰው ሞላ። የመኪኖቹ ባለቤት መጥቶ አባቴ አጠገብ ተቀመጠ። «መካኒኩ ፈቅዶ ነው የወጣችው፤ ሰሌዳው ላይ ራይት አለ» ሲል ሰማሁት። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ሾፌር ጆሮዬ ሥር፣ «ኦቦን ፖሊስ ወሰዳቸው፤ በዓሉን እዚያው መዋላቸው ነው» አለኝ። ለቅሶ የመጡት ሁሉ እያቀፉ አይዞህ ይሉኛል። እኔ ጥግ ይዤ ዝም አልኩ። ዝም ባልኩ ቁጥር አንድ እርጥብ ነገር በጫማዬ አፈር እየሸፈንኩ ይመስለኝ ነበር። አባቴን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

የገና ጠዋት፣ ቀብሩ ሳይደርስ፣ ለማንም ሳልናገር ጣቢያው ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰዎች እንኳን አደረሰህ አሉኝ፤ እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩ።

ኦቦ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ትናንት ሲያዙ የለበሱት የሥራ ቱታ አልወለቀም። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ።

«ልጄ፣ ፈጣሪ ያጽናህ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ግን ምን ብዬህ ነበር? ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ሂን ታኡ ያልኩህ ይመስለኛል። ሰሌዳው ግን ራይት ነው አሉኝ። አርጅቼ ይሆን?»

ወደ ፖሊሱ ሄጄ ቃሌን መስጠት እፈልጋለሁ አልኩ። ወረቀት አወጣ።

«መካኒኩ በስልክ ምን አሉህ?»

«አልሰማሁም» አልኩት። «ሳልሰማ ነው ራይት ያደረግሁት። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ አዎ አልኩት።»

ፖሊሱ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ መጻፍ ጀመረ። እኔ ወደ አግዳሚው ዞርኩና ኦቦን እያየሁ አልሰማሁም ያልኩትን በኦሮምኛ ደገምኩት።

«ሂን ዸጌኜ፣ ኦቦ።»